እግሬ እስከ ደረሰበት፦ ከኮቶር ግንብ በላይ የተማርኩት

መግቢያ

በዚህ መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በፊቸር አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ "ከግንቡ በላይ" የሚል የጉዞ ጽሑፍ ሳነብ የነበራችሁ የክፍሌ ልጆች ታስታውሱኛላችሁ። አጨብጭባችሁልኝም ነበር። ጽሑፉ የሚጀምረው እኔ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እያውለበለበው፣ ከእግሬ በታች የአድሪያቲክን ባሕር ቁልቁል ስመለከት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ እዚያ ጫፍ ላይ አልቆምኩም። ባሕሩንም ከዚያ አላየሁም። ነጠላም ይዤ አልሄድኩም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል ማረሚያ ነው። ጋዜጣ ስህተት ሲያወጣ በሚቀጥለው እትም ማረም እንዳለበት በአንደኛ ዓመት ተምረናል፤ በራስ ላይ ሲደርስ እንዲህ ከባድ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ሌላው ሳይሳሳት እንዲማረው ስለ ጉዞ ዘገባ የተጻፈ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና ግንቧ

ባለፈው ጥር መጨረሻ ከተለያዩ አገሮች ከመጡ ተማሪዎች ጋር ለአሥር ቀን የወጣቶች ሚዲያ ሥልጠና ወደ ሞንቴኔግሮ የመሄድ ዕድል አግኝቼ ነበር። ወጪውን አዘጋጆቹ ስለሸፈኑት ቤተሰቤን ያስቸገርኩት ለጃኬት መግዣ ብቻ ነው። ሞንቴኔግሮ በባልካን የምትገኝ፣ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን በታች የሆነ ትንሽ አገር ናት። በ2006 በሕዝበ ውሳኔ ከሰርቢያ ተለይታ ነፃ መንግሥት ሆነች። በአገሬው ቋንቋ ስሟ "ጽርና ጎራ" ነው፤ ጥቁር ተራራ ማለት። ለምን እንዲህ እንደተባለች ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ይበቃል።

ያረፍንባት ከተማ ኮቶር ትባላለች። የአድሪያቲክ ባሕር ወደ ተራሮቹ ውስጥ ተጠማዞ ገብቶ በሚያልቅበት በባሕረ ሰላጤው የመጨረሻ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ውኃ፣ ከጀርባዋ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ሐረርን ያየ ሰው ጁገልን ያስብ፦ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች፣ ቤት ከቤት የተደጋገፈበት ሰፈር፣ በጥቂት በሮች ብቻ የሚገባበት። ልዩነቱ የሐረር ግንብ ከተማውን ዞሮ ሲገጥም የኮቶር ግንብ ከተማውን ትቶ ተራራውን መውጣቱ ነው። ርዝመቱ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ 260 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ምሽግ ድረስ ገደሉን ይዞ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ላይ የግንቡ ቁመት 20 ሜትር ይደርሳል። ማታ ማታ መብራት ሲበራበት ከሩቅ ለሚያየው ተራራው ላይ የተወረወረ መቀነት ይመስላል።

ከተማዋ ከ1420 እስከ 1797 በቬኒስ ሥር ነበረች፤ ዛሬ የሚታየው የግንቡ አብዛኛው ክፍልም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በባሕሩ በኩል ያለው ዋናው በር የተሠራው በ1555 ነው። በሩ አናት ላይ ደግሞ ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነፃ የወጣችበት ቀን፣ ኅዳር 21 ቀን 1944፣ ተቀርጿል። ውስጥ ገብታችሁ ጥቂት ብትራመዱ በ1166 የተባረከውን የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል ታገኛላችሁ። በሚያዝያ 15 ቀን 1979 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ጎዳት። በዚያው ዓመት ነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው፤ እስከ 2003 ድረስም በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ነበረች።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት እንጂ ያየሁት አይደለም። ያየሁት ድመቶችን ነው። ኮቶር የድመት ከተማ ናት። ደረጃ ላይ ድመት፣ መስኮት ላይ ድመት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ድመት። ወደ ምሽጉ የሚወስደው ደረጃ 1,350 ነው ይባላል። እኔ በሁለተኛው ቀን "አረጋግጣለሁ" ብዬ መቁጠር ጀመርኩና ስድስት መቶ ምናምን ላይ አንዲት ግራጫ ድመት እግሬ ሥር ስትገባ ጠፋብኝ። ስለዚህ አሁንም "ይባላል" ነው የምለው። መምህራችን ስለ ምንጭ ባስተማሩን ቁጥር ትዝ የምትለኝ ያቺ ድመት ናት።

ከወቅት ውጪ

በአማርኛ ላይ አንድ ችግር አለብን። የፈረንጆቹን ቀዝቃዛ ወቅት "ክረምት" ብለን ስንተረጉም የእኛ ክረምት ከሰኔ ጀምሮ የሚዘንብበት ወቅት ስለሆነ አንባቢው ይደናገራል። ለኮቶር ግን ቃሉ ልክ ይመጣል፤ የእነሱ ብርድም ዝናብም የሚመጣው አንድ ላይ ነውና። ከባሕረ ሰላጤው በላይ ተራራው ውስጥ ያለችው ጽርክቪጸ የምትባል መንደር በአውሮፓ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ በዓመት በአማካይ ከ4,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። የአዲስ አበባ 1,200 ገደማ መሆኑን አስቡት። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ "ቡራ" የሚሉት ደረቅና ብርዳም ነፋስ ከተራራው ወደ ባሕሩ ቁልቁል ይነፍሳል።

በበጋ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችን የሚጭኑ ግዙፍ መርከቦች ግንቡ ሥር ድረስ ይመጣሉ። በጥር መጨረሻ ግን ከምግብ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ወንበሮች በሰንሰለት ታስረዋል፤ በጎዳናው ላይ የሚሰማው የራስ ጫማ ድምፅ ነው። እኔም በማስታወሻዬ ላይ "ኮቶር ጸጥታ የነገሠባት ከተማ ናት" ብዬ ጻፍኩ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ባይሻልም ከእኔ ይልቅ አይፈሩም። ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "በነሐሴ መጥተሽ እዪያት! ያኔ እኔ ራሴ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ተሰልፌ ነው በሩን የማልፈው" አሉኝ። አንድ ወቅት አይቼ የዓመቱን ሁሉ መጻፌ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ "በጥር መጨረሻ" የምትል ሐረግ ጨመርኩበት። ትንሽ ናት፤ ግን ዘገባን ከማስታወቂያ የምትለየው እሷ ናት።

እኚሁ እናት ባሕረ ሰላጤያቸውን "ፊዮርድ" ነው የሚሉት። ለጎብኚ በሚታደሉ ወረቀቶች ላይም እንዲሁ ተጽፎ አይቻለሁ። ፊዮርድ ማለት እንደ ኖርዌይ ባሉ አገሮች የበረዶ ግግር መሬቱን ቦርቡሮ የፈጠረው፣ በኋላም ባሕር የሞላው ሸለቆ ነው። የኮቶር ባሕረ ሰላጤ ግን ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ሆኖ፣ ባሕሩ ከፍ ሲል የሰጠመ ነው። ሲያዩት ይመሳሰላል፤ አፈጣጠሩ ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ደስ የሚል ሲሆን ማንም አይጠይቀውም።

ሳልወጣ የጻፍኩት መግቢያ

ከከተማዋ ጀርባ አሮጌ የበቅሎ መንገድ አለ። የኮቶር መሰላል ይሉታል። ከሰሜኑ በር ወጥቶ የሽኩርዳን ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ 940 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የክርስታጽ ማለፊያ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የንየጉሺ መንደር፣ ከዚያም የድሮዋ ዋና ከተማ ጸቲንየ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠረገላው መንገድ እስኪሠራ ድረስ የተራራው ሰዎች አይብና የደረቀ ሥጋቸውን በበቅሎ ጭነው ወደ ኮቶር ገበያ የሚወርዱት፣ የሚያስፈልጋቸውን ሸምተው የሚመለሱት በዚህ መንገድ ነበር። ከ1814 እስከ 1918 ከተማዋ የኦስትሪያ ስለነበረች ከተራራው ላይ ሆነው ወደቡን ያዩታል፤ የእነሱ ግን አይደለም። ይህን ሳነብ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ትንሽ ቆየሁበት። ወደብ የሌለው አገር ልጅ መሆን ይሆናል።

ሌላም የሳበኝ ነገር ነበር። ከማለፊያው ወዲያ፣ ሎቭቸን ተራራ ላይ፣ በ1,657 ሜትር ከፍታ የንየጎሽ መቃብር ሕንፃ አለ። ንየጎሽ በ1851 ያረፈ የሞንቴኔግሮ ጳጳስ፣ ገዢና ገጣሚ ነው። ሕንፃው በ1974 ሲመረቅ ንድፉን ያወጣው ኢቫን ሜሽትሮቪች የተባለው ቀራጺ ነበር። አሁን ስድስት ኪሎን አስቡ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን በ1955 ከሠሩት ሁለት ቀራጮች አንዱ አንቱን አውጉስቲንቺች ነው፤ እሱም የሜሽትሮቪች ተማሪ ነበር። በታክሲ መስኮት ስንት ጊዜ ያየሁት ሐውልት ከዚህ ተራራ ጋር እንዲህ ይዛመዳል። "አገኘሁት!" አልኩ። ጽሑፌ የሚጀምረው ከማለፊያው ላይ፣ በአንድ በኩል ባሕሩን፣ በሌላ በኩል ሎቭቸንን እያየሁ፣ ስድስት ኪሎን በማስታወስ ይሆናል።

በዚያው ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ የመግቢያውን አንቀጽ ጻፍኩት። ተራራውን ገና አልወጣሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የዕለቱ ጉዞ

እሑድ ነበር፤ ሥልጠና የለም። አብራኝ ልትወጣ የተስማማችው ከጆርጂያ የመጣች ተማሪ ናት፤ ተራራ አገር ያደገች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። ጠዋት ዝናብ ስለነበር የተነሳነው 6 ሰዓት ላይ ነው። የቤቱ እናት በር ላይ ቆመው መጀመሪያ ጫማዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። ከዚያ ወደ ተራራው እያሳዩ "ደመናው ከምሽጉ በታች ከወረደ ተመለሱ" አሉን። ጓደኛዬ ደግሞ የራሷን ሕግ ጨመረች፦ "8 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን።"

እኔ ግን በልቤ እየሳቅኩ ነበር። 940 ሜትር! አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሎቭቸን ራሱ፣ ከፍተኛው ጫፉ 1,749 ሜትር የሆነው፣ ከፒያሳ ያንሳል። "የእናንተ ተራራ ጫፍ ከእኛ ሸለቆ በታች ነው" ብዬ ቀልጄባታለሁ። ምንም አልመለሰችልኝም።

የረሳሁት ነገር የመነሻው ከፍታ ዜሮ መሆኑን ነው። እኛ እንጦጦ ስንወጣ ከ2,500 ምናምን ተነስተን ነው 3,000ን የምናልፈው። እዚህ 940 ሜትሩ በሙሉ በእግር የሚወጣ ነው። የመንገዱ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዘመን የበቅሎ ኮቴ ያለሰለሰው፣ ዝናብ የላሰው። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ እግሬ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ስድስተኛው ላይ መልሼ ለበስኩት፤ አሥረኛው ላይ መቀለዱን ተውኩ። ቁጥር ማነጻጸሪያው ካልተነገረ ይዋሻል። "940 ሜትር" ብሎ ለአዲስ አበባ አንባቢ መጻፍ እውነት ሆኖ ሳለ ማሳሳት ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከምሽጉ ጀርባ ወዳለው ቦታ ደረስን። የፈራረሱ የድንጋይ ቤቶችና አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አሉ። በበጋ አይብና ጭማቂ ይሸጥበታል የተባልነው ቤት ተዘግቷል። ግንቡ ከዚህ ሲታይ ሌላ ነው። ከፊት ለፊት ለጎብኚ የሚታየው መቀነት አይደለም፤ ጀርባው የተራቆተ፣ ቅጠል የበቀለበት፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ከዓለቱ የማይለይ ነው። ሰው የሠራው የት አልቆ ተራራው የት እንደሚጀምር ማወቅ ያስቸግራል። ጓደኛዬ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ለሁለት ቆረሰችው። የሆነ ቦታ የፍየል ቃጭል ይሰማል፤ ፍየሎቹ ግን አይታዩም። በዚያ ጭር ባለ ቦታ ቃጭሉን ስሰማ ለትንሽ ጊዜ አያቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ከዚያ በላይ ጭጋጉ ጀመረ። መጀመሪያ ተቃራኒው ተራራ ጠፋ፤ ቀጥሎ ባሕሩ፤ ቀጥሎ ምሽጉ። የእናታችን ሕግ ተፈጽሟል ማለት ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ 8 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጓደኛዬ ቆመች። "እንመለስ" አለች። እኔ ግን የመግቢያ አንቀጼ ላይ ነበርኩ። "ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ፤ እዚሁ ጠብቂኝ" ብዬ ብቻዬን ቀጠልኩ።

መንገዱ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ ነጭ ነጥብ ያለው ምልክት ድንጋዮች ላይ ተቀብቷል፤ እሱን እየተከተልኩ ነበር። ከአምስት ኩርባ በኋላ ይመስለኛል ምልክቱ ጠፋብኝ። ቀጥ ያልኩት መንገድ መስሎኝ ነው፤ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ኖሯል። እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴ ወድቄ ሁለት ሦስት ሜትር ቁልቁል ተንሸራተትኩ፤ አንድ ቁጥቋጦ ያዘኝ። የያዝኩት ማስታወሻ ደብተር ከእጄ ወጥቶ ወደ ታች ሲጋጭ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። እጄን ዘርግቼ መዳፌን ሳይ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነው ስለ ፀሐይ ያሰብኩት። በእኛ አገር በጋም ሆነ ክረምት ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም አትርቅም፤ ሳልጠይቅ "ለ12 ሰዓት ገና ነው" እያልኩ ነበር። እዚያ በዚያ ሰሞን 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ምዕራብ በኩል ተራራ ስላለ ደግሞ ጥላው የሚወድቀው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው።

ከታች ፉጨት ሰማሁ። ጓደኛዬ ናት። ለካስ ከተለያየን ጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው ታፏጭ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ፉጨቷን እየተከተልኩ በቂጤም በእጄም ወረድኩ። ሳገኛት አልተቆጣችኝም። ጉልበቴን አየችና ስካርፏን ፈትታ አሰረችልኝ። ስልኬን ወድቄበት የነበረው ቦታ ላይ አይቼው ነበር፦ 680 ሜትር። ማለፊያው ገና 260 ሜትር ከፍ ይላል። ይሄ ነው የደረስኩበት። ስንወርድ ከተማዋ ጥላ ውስጥ ገብታለች፤ ሰሜኑ በር ስንደርስ 10 ሰዓት አልፏል።

የዋሸሁበት

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ጽሑፉን ለመጻፍ ስቀመጥ ደብተሬ የለም፤ ተራራው በልቶታል። የመግቢያው አንቀጽ ግን በሌላ ወረቀት ላይ ስለነበር ተርፏል። እኔም እሱን አስቀድሜ የቀረውን ከሱ ጋር አስማማሁት። "ማን ያውቃል?" ነበር ያልኩት። ከክፍላችን ኮቶርን የሚያውቅ የለም። ነጠላዋንም ያኔ ነው የጨመርኳት፤ አገርኛ መልክ እንድትሰጠው። ከ30 ነጥብ 26 አገኘሁ።

ከሳምንት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። እሱም የጉዞ ጽሑፍ መሞከር እንደሚፈልግ ነግሮኝ "እህቴ፣ ከማለፊያው ላይ ባሕሩ በደንብ ይታያል?" አለኝ። "አዎ፣ ቁልጭ ብሎ!" አልኩት። እሱም ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ሲጽፈው ማየቴ ነው የጎዳኝ። ምናልባት ይታይ ይሆናል፤ ጥርት ባለ ቀን ይታያል ብዬም እገምታለሁ። ግን እኔ አላየሁም። የእኔ ግምት በእሱ ደብተር ላይ የዓይን ምስክር ሆነ። ነገ እሱ ለሌላ ይነግረዋል። ፊዮርድ ያልሆነው ባሕረ ሰላጤ ፊዮርድ የተባለው በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ዶርም ለጓደኛዬ ነገርኳት። ከሳቀች በኋላ "ለማያውቅሽ ታጠኚ ማለት ይሄ ነው" አለችኝ። በማግስቱ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ስናገር አላቋረጡኝም። ሲያበቃ ወረቀቴን ከመሳቢያ አወጡና "የሚቀነሰው ይቀነሳል" አሉኝ። ወደ 14 ወርዷል፤ አልተከራከርኩም። ቀጥለው ግን ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ።

"እሺ፣ የደረስሽበት ቦታ ላይ ምን ነበር?"

"ምንም። ጭጋግ ነው።"

"ሌላስ?"

ስለ ቃጭሉ ነገርኳቸው። ስለ ግንቡ ጀርባ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ፀሐይዋ ሰዓት። "ይህ ሁሉ በጽሑፍሽ ውስጥ የት አለ?" አሉኝ። የለም። ሁሉንም አውጥቼ ጥያቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ጫፍ ደርሻለሁ ካልኩ መንገዱ ላይ ፉጨት ሊኖር አይችልም። አንዷን ውሸት ለመጠበቅ ያየሁትን ሁሉ ሰርዣለሁ። ከዚያ ውጪ ብዙ አልተናገሩም፤ "በቡለቲኑ ላይ አርሚው" ብለው ሸኙኝ።

ከዚህ የወሰድኩት

ለጉዞ ዘገባ ለሚዘጋጁ የክፍሌ ልጆችና ለታናናሾቼ የሚጠቅሙ ከመሰለኝ ውስጥ እነዚህን ልጥቀስ፦

አንደኛ፣ መግቢያ አንቀጽ የሚጻፈው ከተመለሱ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተጻፈ መግቢያ ዓይንን ያስራል። እኔ በጭጋጉ ውስጥ ምልክቱን ያጣሁት እግሬ እየሄደ ሐሳቤ ግን ቤት የተጻፈው አንቀጽ ላይ ስለነበር ነው።

ሁለተኛ፣ ያየነውን፣ የሰማነውንና ያነበብነውን በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ እንለይ። "ይባላል" የምትለው ቃል ጽሑፍን አታበላሽም። የደረጃውን ቁጥር በ"ይባላል" ብጽፈው ማንም አይቀየመኝም፤ ያላየሁትን ባሕር "አየሁ" ማለቴ ግን ያየሁትንም ሁሉ አጠራጣሪ አደረገብኝ።

ሦስተኛ፣ ቁጥርም ወቅትም ያለ ማነጻጸሪያ አይሂዱ። ከፍታው ከየት ተነስቶ ነው? ጸጥታው በየትኛው ወር ነው? ፀሐይ በስንት ሰዓት ነው የምትጠልቀው? የመጨረሻውን ጥያቄ ለጽሑፋችሁ ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችሁም ስትሉ ጠይቁት።

አራተኛ፣ መመለስም ዘገባ ነው። ከወቅት ውጪ ተራራ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ያንን የሚጽፍለት ስለሌለ ቀጣዩ ሰው በቀጭን ጫማ ዘግይቶ ይነሳል። ስለ ክርስታጽ ማለፊያ የምነግራችሁ የለኝም። ስለ 680 ሜትሩ ግን ብዙ አለኝ።

ስለ ሁለቱ ሐውልቶች የጻፍኩት ዝምድና እውነት ነው፤ አልሰርዘውም። ግን የሎቭቸኑን አላየሁትም። ያየሁት የስድስት ኪሎውን ነው፤ እሱንም ቢሆን በታክሲ መስኮት እንጂ ቆሜ እንዳላየሁት ይህን ስጽፍ ነው የታወቀኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ዞርኩት። አዲስ ደብተር ይዤ ነበር።

ያንን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ደብተሩን አስወጣሁትና የጻፈውን መስመር እንዲሰርዘው ነገርኩት። "ታዲያ ምን ልጻፍ?" አለኝ። "ጭጋግ ነበር ብለህ ጻፍ" አልኩት። ጻፈው።